ከገመዱ ወዲያ ያለው ወንበር

ሐምሌ 5

ለእትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ያዋለድሻቸው ሕፃናትስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ከደህናም በላይ ነኝ። «እውነትሽን ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ነገር ቀድመሽ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ እውነቴን ነው! ሰጡኝ! ሙዚየም የሆነውን የድሮውን ቤት የአትክልት ቦታ ክረምቱን ሙሉ ከነቁልፉ ለእኔ ሰጡኝ! እስካሁን ሰውን በቲኬት መስኮት ቀዳዳ ብቻ የማውቀው ልጅ፣ ዛሬ «የማኅበረሰብ ፕሮግራም አስተባባሪ» የሚል ካርድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እየተንጎራደድኩ ነው። የማወልቀው ስተኛ ብቻ ነው።

ዳይሬክተራችንን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ሰፈሩ «አይነካም» የሚላቸው። ሐሳቤን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁና «በክረምት? በዚህ ዝናብ? ያውም ውጭ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ልጆች ትምህርት የሚዘጋላቸው በክረምት ነው፤ በበጋማ ለማን ልከፍተው?» አልኳቸው። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። በመጨረሻ «ይህን አንድ ክረምት ሞክሪ። የሰፈሩ ሰው ከመጣና አንድም ዕቃ ካልተነካ ለከርሞ ለቦርዱ እናገርልሻለሁ። አለበለዚያ በሩ ይዘጋል፤ አንቺም ወደ መስኮትሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ። ይህ በር እኔና አንቺ በፍርግርጉ አፍንጫችንን አስገብተን ጽጌረዳ የምናሸትበት፣ ዘበኛው ሲያየን እግሬ አውጪኝ የምንልበት በር መሆኑን አስቢው። እንዲዘጋ አልፈልግም። በጭራሽ!

አሁን የመጀመሪያውን ቅዳሜ ልንገርሽ። ከሰዓት በኋላ ሙዚቃና ተረት ነው ብዬ በየሱቁ በር ማስታወቂያ ለጥፌአለሁ። ሰዓቱ ደረሰ፤ ማንም የለም። ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ የሚንቀሳቀስ ነገር አየሁ፤ ዳቦ ጋጋሪው ወንበር ተሸክሞ ይመጣል። ከኋላው ሚስቱ ወንበር ተሸክማ፣ ከእሷ ኋላ የጫማ ሰፊው ቤተሰብ አግዳሚ ወንበር ለሁለት ይዞ፣ ከዚያ መንገዱ ሙሉ ወንበር! ለካ ሰዉ «እዚያ ቤት ወንበር ላይ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚለውን ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ስለሚያውቅ የራሱን ይዞ መምጣቱ ነው። አንዳቸውም ተነጋግረው አይደለም። አክስታችን ደግሞ የልብስ ስፌት ሱቋን ዘግታ፣ ያን ዘላለም የማይለያትን ትራስ ከነወንበሩ በአናቷ ተሸክማ ከተፍ አለች። እንዴት እንደሳቅኩ! «አይነካም» በመስኮት ሲያዩ ነበር፤ እሳቸውም ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ወይ የመስታወቱ ነጸብራቅ ይሆናል።

ቶሎ ጻፊልኝ። ደብዳቤያችንን የሚያደርሰው የመኪና ሾፌር ሐሙስ ሐሙስ ወደ አንቺ እንደሚወጣ ነግሮኛል።

ታናሽሽ

ሐምሌ 14

ለኔ ችኩል፣

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እጄ ሥራ ላይ ነበር፤ አንዲት እናት መንታ ልትወልድ ስታምጥ ነበር። ሁለቱም ደህና ተወለዱ። ከዚያ ተቀምጬ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ያየችኝ ጽዳት ሠራተኛ እኔም የወለድኩ መስሏት እንኳን ማርያም ማረችሽ ልትለኝ ምንም አልቀራት።

እዚህ ኔትወርክ እንደሌለ እያወቅሽ «ለምን አትደውይም» ማለትሽን ትቼዋለሁ። ባለፈው ቁራጭ ወረቀትሽ ላይ «ገንዘብ ላኪ» ሳይሆን «ምክር ላኪ» ብለሽ መጻፍሽ ደግሞ አስደንግጦኛል፤ ታመሽ ይሆን? ምክሬ ይኸውልሽ፤ ቀስ በይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዝናቡን ተጠንቀቂ፤ ሰማዩን እያየሽ ዘፈኑን አሳጥሪ። ሰውየው «አይነካም» ሲሉ ክፋታቸው አይደለም፤ ያን ቤት ሃያ ዓመት ጠብቀውታል። የሌላ ሰው ሕፃን ሳቅፍ እኔም እንደ እሳቸው ነኝ፤ እጄ አይላላም።

አክስታችንም ጽፋልኛለች። ለሰው ሁሉ «የእኔ ልጅ ናት የከፈተችው» እያለች ነው አሉ። ባልዋ ከሞተ ወዲህ ሱቋን ዘግታ የወጣችው ለአንቺ ነው፤ ይህን እንዳትረሺ። ሂጂና እያት፣ ሥራ በዛብኝ አትበይ።

እህትሽ

ሐምሌ 24

እትዬ፣

ሰላምታውን ዝለዪልኝ። ጉድ ፈልቷል!

ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንቺ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሰዉ ከመቼውም በላይ ሞልቶ ነበር። ተረት እንዲነግሩልን የጋበዝኳቸው ጡረታ የወጡት አስተማሪ መጡ፤ ወንበር ግን አልያዙም። ሰዉ ሁሉ ተቀምጦ እሳቸው ብቻ ምርኩዝ ይዘው ቆሙ። ምን ላድርግ? ይቀመጡ የሚላቸው ብዙ ነበር፤ ግን እኔ ያው እኔ ነኝ፣ ማንም ሳይቀድመኝ ሮጬ ገባሁ። ከበረንዳው ክፍል፣ ከቀዩ ገመድ ወዲያ፣ የእመቤቲቱን ወንበር ይዤ ወጣሁ! ያንን ክንዱ የተጠማዘዘውን፣ ማንም ያልተቀመጠበትን። «ለግማሽ ሰዓት ነው፤ ማን ያያል» ብዬ።

ተረቱ ተጀመረ። ጅቡ ገና ጉድጓድ ውስጥ ሳይወድቅ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናብ አይደለም፣ ባልዲ ነው! ሰዉ ሁሉ ተነሳ፤ ማን የማንን ወንበር እንደያዘ እግዜር ይወቀው፤ አንዱ በአናቱ፣ አንዱ በጀርባው፣ እንደ ጃንጥላ ደፍቶት የሮጠም አለ። እኔ አስተማሪዋን በክንዳቸው ይዤ ወደ በረንዳ ሮጥኩ። ዘበኛችን ደግሞ፣ እጁ ይባረክና፣ ወንበሩን መልሶ ቦታው ላይ አስቀመጠልኝ። እፎይ አልኩ።

እሑድ ጠዋት ሰፈሩ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ወንበር ሲለዋወጥ ዋለ አሉ፤ «ይኼ የኔ ነው፣ ያ ያንተ ነው» እያሉ ሲስቁ። እኔም አብሬ ስቄ ነበር።

ማክሰኞ ለአንድ የጎብኚ ቡድን መጋረጃ ልከፍት ገባሁ። አስጎብኚያችን፣ «ሬዲዮ» የምንለው፣ ለሰዎቹ እያስረዳ ነው፤ «የቤቱ እመቤት ጠዋት ጠዋት በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጽጌረዳዎቿን ትመለከት ነበር፤ የእንጨቱን ጥበብ አስተውሉ።» ሰዎቹ አስተዋሉ። ፎቶ አነሱ። እኔም አስተዋልኩ። ወንበሩ ሌላ ነው! ክንድ የለውም። ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ አንድ እግሩ አጠር ያለ፣ የማን ጓዳ ወንበር እንደሆነ የማይታወቅ! ሬዲዮ ግን ዕቃውን አይቶ አያውቅም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ነው የሚያወራው። ዘበኛው በዝናቡ ውስጥ ያገኘውን አስገብቶ ኖሯል።

እውነተኛው የት ነው? ማን ጋ ነው? ፖሊስ ልጥራ? ቤት ለቤት ልዙር? ለአይነካም ልንገር ወይስ ሳላገኘው ዝም ልበል? እስካሁን ባዶ ቦታ እንዳይታይ ያንን የጓዳ ወንበር ባለበት ትቼዋለሁ። መዝጊያው ቀን ነሐሴ 22 ነው፤ ቦርዱ ይመጣል። ወንበሩ ካልተገኘ በሩ ይዘጋል፤ አለቀ። ምከሪኝ!

እህትሽ

ነሐሴ 2

ለኔ ችኩል፣

በመጀመሪያ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሐሙስ ነው፤ መልስ ለመጻፍ እስከ ዛሬ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። የምጽፈውን አጥቼ ነው።

«ማን ጋ ነው?» ብለሽኛል። አልገምትም። ይህን አትጠይቂኝ። አንዳንድ ነገር ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይነገርሻል፤ አንቺም እሺ ትያለሽ፤ ከዚያ ሆድሽ በእርግጥ ይፈጃል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ፖሊስ አትጥሪ። ጎረቤትን በፖሊስ የጠየቀ ሰው ከእንግዲህ የሚያገኘው ወንበር ሳይሆን ጀርባ ነው። ቤት ለቤትም አትዙሪ፤ «ወሰዳችሁ ወይ?» ማለት ሌባ ናችሁ ወይ ማለት ነው። ለዳይሬክተሩ ግን ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ከሬዲዮ ከሚሰሙት ከአንቺ ይስሙት። እሱ እውነትም ሬዲዮ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ መዝጊያውን የወንበር ቀን አድርጊው። ሁሉም የቤቱን ወንበር ይዞ ይምጣና ከየት እንደመጣ ይናገር። ሰው ሳይጠየቅ የሚመልሰው ነገር አለ።

አክስታችን ጋ ሂጂ። ለሰላምታ ነው። ስትሄጂ አትቸኩዪ፤ ተቀመጪ፣ ተጫወቺ፣ እሷ ከተቀመጠችበት እስክትነሳ ድረስ ጠብቂ። ይህን አስምሬበታለሁ።

እህትሽ

ነሐሴ 9

እትዬ፣

ተቆጥቼብሻለሁ! ምን ማለት ነው «አልገምትም»? አንቺ የጎረቤትን ልጅ ጾታ ሳይወለድ የምትገምቺ ሰው! ለማንኛውም ቁጣዬን እዚህ ላይ ላብቃው፤ የሚነገር ብዙ አለኝ።

ለአይነካም ነገርኳቸው። ቢሯቸው ገብቼ በሩን ዘግቼ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። «ወንበሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ተነስተው ግድግዳው ላይ የተሰቀለች ሥዕል፣ ምንም ሳትጣመም፣ አቃኑ። «እስከ መዝጊያው ቀን ከተመለሰ እንነጋገራለን። ካልተመለሰ በሩን እኔ አልዘጋውም፤ አንቺ ራስሽ ትዘጊዋለሽ፤ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው» አሉኝ። እትዬ፣ ይኼ አባባል ሌሊቱን ሁሉ ከነከነኝ። የጓዳውን ወንበር ላንሳው ብላቸው ደግሞ «ባዶ ገመድ ለሰው አላሳይም፤ ይቆይ» አሉ።

የወንበር ቀኑን ግን ወደዱት! አልሳቁም እንጂ «ጥሩ» አሉ። ማስታወቂያውን ልጆቹ ሣሉት፤ አንዷ ወንበሩን ስድስት እግር ሰጥታዋለች፤ እንዳይወድቅ ነው አለችኝ። ሰፈሩ በአንድ እግሩ ቆሟል። ጫማ ሰፊው አግዳሚውን ቀለም እየቀባ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪው የአባቱን ወንበር ከቆጥ አውርዷል።

አክስቴ ጋ ሄድኩ። እንዳልሽው ለሰላምታ። ልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት፤ ቀሚሷ እስከ መሬት፣ ትራሷ ከሥሯ፣ ዙሪያዋንና ወንበሯን የሸፈነ የተቆረጠ ጨርቅ ክምር። ሳመችኝ፤ ግን አጎንብሼ ነው የሳመችኝ፣ አልተነሳችም። ወገቧን አሟት ይሆን?

«አክስቴ፣ ከሙዚየሙ ወንበር ጠፍቶብኛል» አልኳት።

«እንዴት ያለ ወንበር?»

«ሰፊ፣ መደገፊያው ከፍ ያለ፣ ክንዱ የተጠማዘዘ።»

«እሱማ ሳይመች አይቀርም» አለችና መርፌዋን ታይ ጀመር።

«መጀመሪያ ላግኘው እንጂ!»

«ይገኛል ልጄ። የት ይሄዳል? ወንበር አይደል፣ እግር ቢኖረው አይራመድ። ይልቅ በሱ ፈንታ ያስቀመጣችሁትን ሰው ወደደው አሉ?»

ሬዲዮ እንዴት እንደሚያሞግሰው፣ ጎብኚዎች እንዴት ፎቶ እንደሚያነሱት ነገርኳት። ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በሳቅ ይሁን በሌላ አላወቅኩም። ሻይ ጠጪ አለችኝ፤ ግን ራሴ ሄጄ እንድቀዳ ነው ያዘዘችኝ። እስክትነሳ ጠብቂ ብለሽ ነበር፤ ማን ጊዜ አለው? አንድ ሰዓት ተቀምጬ ሴትዮዋ ንቅንቅ አላለችም! ልጆቹ የአትክልት ሥራ ስለነበራቸው ጥያት ሄድኩ።

ቀኑ እየደረሰ ነው። ምንም አላገኘሁም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በሩን መዝጋት ካለብኝም ይህ ክረምት ከእጄ አይወጣም። ደስ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁም፤ ሁለቱም አንድ ላይ።

እህትሽ

ነሐሴ 16

ለኔ ችኩል፣

ሳቅኩብሽ። ይቅር በዪኝ፤ ግን ደብዳቤሽን ይዤ ከሳቅ ብዛት ግድግዳ ተደገፍኩ። ጠብቂ ብዬ አስምሬልሽ ነበር እኮ! ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው ለአንቺ ነው።

«ወንበሩ ይገኛል? ቢያንስ አዎ ወይም አይ በዪኝ» ያልሽው በሾፌሩ እጅ ደርሶኛል። አልልም። ቃል ሰጥቻለሁ፤ ቃሌን አልበላም። ነገር ግን ቃሌን ሳልበላ የማደርገውን አድርጌአለሁ፤ ለአንድ ሰው ጽፌአለሁ። ያ ሰው በዚህ ነገር የአንቺ እንጀራ እንደተያያዘ፣ የልጆቹም በር እንደሚዘጋ አያውቅም ነበር። አንቺ ደግሞ ለሰው ሁሉ ስትናገሪ ወንበር ጠፋብኝ ነው እንጂ፣ ካልተገኘ በሩ ይዘጋል አላልሽም። ኩራትሽ ነው፤ አውቅሻለሁ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያ ሰው ሞኝ አይደለም። የያዘውም ሌላው ያጣውን ክብር ነው። ሲመጣ አትቆጪው። ይህን ብቻ ነው የምለምንሽ።

ነሐሴ 22 ላይ ከዚህ ሆኜ ሰማዩን አያለሁ።

እህትሽ

ነሐሴ 23

እትዬ! እትዬ! እትዬ!

ጽሕፈቴን ማንበብ ካቃተሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ እንደዚያ ነው የጻፍኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ፤ ክረምቱን ሙሉ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው! አንቺም ታውቂ ነበር! ይቅር ብዬሻለሁ፤ ግን ስትመጪ ጆሮሽን እቆነጥጥሻለሁ።

ትናንት ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ዋለ እንጂ ጠብ አላለም። ቦርዱ መጣ፤ ኮት የለበሱ አምስት ሰዎች ቆመው ቀሩ፤ ወንበር ይዛችሁ ኑ የሚለውን አላነበቡም መሰለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ወንበሩን ይዞ ገባ። እያንዳንዱ ተነስቶ ከየት እንዳገኘው ተናገረ። ዳቦ ጋጋሪው ወንበሩን እየዳበሰ የአባቱን ታሪክ ተናገረ። ጫማ ሰፊው አግዳሚው ላይ ሚስቱን እንዳጫት ተናገረና ሚስቱ «ውሸት ነው፣ ቆመን ነበር!» አለችው። ሣሩ ላይ ሳቅ ብቻ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ከበሩ አልተነቀለም።

መጨረሻ ላይ አክስቴ መጣች። ትራሱ በብብቷ፣ ወንበሩ በአናቷ። ክንዱ የተጠማዘዘ! አይነካም ከበረንዳው ሁለት ደረጃ ወረዱ።

አክስቴ ወንበሩን ሣሩ ላይ አስቀመጠችና ለእኔ ሳይሆን ለሁሉም ተናገረች። «በዝናቡ ቀን በስህተት ነው የያዝኩት። በነጋታው ልመልስ መጣሁ። ከገመዱ ወዲያ የኔን አየሁ። ባሌ የሠራውን። ባሌን ታውቁታላችሁ፤ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፣ አናጢ ነኝ ባይ። ይህን ወንበር ሲሠራ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት፤ አንድ እግሩ አጥሮ፣ ካርቶን ነበር የምናነጥፍለት። እኔም ስቄበታለሁ። ሲሞትም ማንም እጅህ ይባረክ አላለውም። ያን ቀን ያ ልጅ» አለችና ሬዲዮን አመለከተች፤ «ያ ልጅ ‹የእንጨቱን ጥበብ አስተውሉ› ሲል ሰማሁ። ሰዎቹም አስተዋሉ። እንዴት ላነሳው? ለሳምንት ያህል ይሁን አልኩ። ሳምንቱ ሁለት ሆነ። በየጊዜው ቲኬት እየቆረጥኩ እየመጣሁ አየው ነበር። የልጄ በር በዚህ እንደሚዘጋ ግን አላወቅኩም። ብታስሩኝም እዚሁ ነኝ።»

ሬዲዮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

እኔ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ሳለቅስ ነው ራሴን ያገኘሁት። እትዬ፣ እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ያን ወንበር አክስቴ ተቀምጣበት ወይም ተሸክማው እንጂ ለብቻው አይቼው አላውቅም! ትራሱን ነው የማውቀው!

ከዚያ ያላሰብኩት ሆነ። አንዱ ተነስቶ ወደ ቤቱ ገባ። ሁለተኛው ተከተለው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ገባ፤ የአክስቴ ባል የሠራውን ወንበር ሊያይ! ያን ደረጃ ረግጠው የማያውቁ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። ከገመዱ ፊት ቆመው «እጁ ይባረክ» እያሉ አለፉ። ዳቦ ጋጋሪው «የሳቅኩት እኔ ነበርኩ» አለና ኮፍያውን አወለቀ። የቦርዱ ሰዎችም ገቡ። አይነካም የእመቤቲቱን ወንበር ዙሪያውን ዞረው አዩት፤ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ማንም እንደዚያ አጽድቶት አያውቅም።

አክስቴ «እንግዲህ የእናንተ ይኸው፤ የኔን ስጡኝ፣ ነገ ደንበኛ አለብኝ» አለች። ዘበኛው አመጣላት።

አይነካም መነጽራቸውን አወለቁ። «እናት፣ ይህ ወንበር ቢቆይልን? ሙዚየሙ ከእርስዎ ሊገዛው ይችላል። ከነባለቤትዎ ስም፣ ከነታሪኩ እናስቀምጠዋለን።»

አክስቴ ወንበሩን አየችው። «አልሸጥም። ተቀምጬበት እሰፋለሁ እንጂ ምን ላይ ልቀመጥ? ላውስዎት ግን እችላለሁ። ክረምት ክረምት። ልጆቹ እዚህ ሲሆኑ፣ በሩ ሲከፈት፣ እኔም ሥራዬን ዘግቼ ስመጣ ይዤው እመጣለሁ። በሩ ካልተከፈተ ወንበሩም የለም።»

«ይህን... ቦርዱን ማማከር ይኖርብኛል» አሉ አይነካም።

«ያማክሩ እንጂ» አለች አክስቴ። ትራሷን በብብቷ ሸጎጠች፣ ወንበሩን አናቷ ላይ አወጣች፣ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ቦርዱ እርስ በርሱ ተያየ። እሷ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ግን አትቆምም። ፍርግርጉ ጋ ልትደርስ ስትል፣ እዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲቆጡ የኖሩት አይነካም፣ ከበረንዳው ላይ ሆነው በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ፦

«እሺ! እሺ አልን እኮ! ይመለሱ!»